ጎማና ጫማ

በእኛ አገር ጎማና ጫማ ዘመዳሞች ናቸው። ያረጀ የመኪና ጎማ በስለት ይቆረጥና፣ ማሰሪያው ከዚያው ከጎማው ወጥቶ በሚስማር ይመታና በረባሶ ይሆናል። እዚህ አንጋጫ፣ ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ወጥቶ ገበያ ይውል ለነበረው ለአባቶቻችን ትውልድ በረባሶ የታወቀ ጫማ ነበር። የጭነት መኪናው መንገዱን ሲጨርስ ጎማው በገበሬ እግር ሌላ መንገድ ይጀምራል ማለት ነው።

ይህን ዝምድና ያነሣሁት በዓለም ላይ ስለተካሄዱ ሁለት ጦርነቶች ለማውጋት ነው። በመኪና እሽቅድምድም የጎማ ኩባንያዎች ጦርነት ነበረ፤ በሩጫ ደግሞ የጫማ ኩባንያዎች ጦርነት አለ። የመጀመሪያው ከእኛ ሩቅ ነው። ሁለተኛው ግን ከ60 ዓመት በላይ በኢትዮጵያውያን እግር ላይ ሲካሄድ የኖረ ነው። እኛ ዘወትር የምናወራው ስለ አንገቱ ነው፤ ሜዳሊያው ስለሚያርፍበት። ዛሬ ስለ እግሩ እናውራ።

ከሩቁ ልጀምር። (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።) በ1968 ሎተስ የተባለው የእንግሊዝ የፎርሙላ ዋን ቡድን መኪናውን በጎልድ ሊፍ ሲጋራ ቀይ፣ ነጭና ወርቃማ ቀለም ቀብቶ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ማርልቦሮው፣ ካሜሉ፣ ሮትማንሱ ተከታተለ፤ መኪናው የሲጋራ ፓኮ መስሎ ይበር ጀመር። የቀለም ፉክክር ግን አሸናፊውን አይወስንም። የሚወስነው መሬት የሚነካው ነገር ነው። ይህም በሰኔ 2005 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ታየ። ከ20ዎቹ መኪኖች 14ቱ የፈረንሳዩን ሚሼሊን ጎማ፣ 6ቱ የጃፓኑን ብሪጅስቶን ጎማ አጥልቀው ነበር። በልምምድ ቀን የሚሼሊን ጎማ በአንድ ፈጣን ኩርባ ላይ ስለከዳ፣ ኩባንያው ለደኅንነቱ ዋስትና መስጠት አልችልም አለ፤ ኩርባው እንዲሻሻል ቢጠየቅ የስፖርቱ የበላይ አካል እምቢ አለ። በዕለቱ 14ቱ መኪኖች የማሟሟቂያውን ዙር ብቻ ዞረው ወደ ጋራዣቸው ገቡ። በመቶ ሺህ የሚገመት ተመልካች ከፍሎ የገባበትን ውድድር ስድስት መኪኖች ብቻ ጨረሱት፤ ማይክል ሹማኸር አንደኛ ወጣ። ከ2007 ጀምሮ ውድድሩ በአንድ የጎማ ኩባንያ ብቻ ሆነ፤ የጎማው ጦርነትም በዚሁ አበቃ።

አሁን ወደ እግር እንምጣ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም። አበበ ቢቂላ ለምን በባዶ እግሩ እንደሮጠ ሁለት ዓይነት ይተረካል። አንዱ ትረካ ጫማ አቅራቢው አዲዳስ ዘንድ የቀሩት ጥቂት ጥንዶች ለእግሩ አልተስማሙትም ይላል፤ ሌላው የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ላጠው ይላል። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፦ ለእግሩ የሚሆን ጫማ አልተገኘም። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ።

በዚያው ኦሊምፒክ፣ ከአበበ ድል ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የሆነ ሌላ ነገር አለ። የ100 ሜትሩ አሸናፊ ጀርመናዊው አርሚን ሃሪ የፍጻሜውን ሩጫ በፑማ ሮጦ፣ ለሽልማት ሲቆም አዲዳስ አድርጎ ታየ። አዲዳስና ፑማ በአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ሀብት ነበሩ። አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር አብረው ጫማ ሲሠሩ ኖረው በ1948 ተጣልተው ተለያዩ፤ ከተማዋም በእነርሱ ጠብ ለሁለት ተከፈለች። ያ ዘመን ሯጭ በግልጽ ገንዘብ እንዳይቀበል ሕግ ያሠረበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ የወንድማማቾቹ ገንዘብ በጓዳ በር ይገባ ነበር። ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ነገሩን በሁለት ዓምድ ማየት ለምዶብኛል፤ በአንድ ኦሊምፒክ፣ በአንዱ ዓምድ ሁለት ኩባንያ የተሻማበት እግር፣ በሌላው ዓምድ አንድም ኩባንያ ያላሰበው እግር ተመዝግቧል።

ካሸነፈ በኋላ ግን ሁሉም አሰበው። በ1961 አበበ ለማራቶን ወደ ኦሳካ በሄደ ጊዜ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ የእርሱን ታይገር ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ አግባባው፤ አበበም በዚያ ጫማ አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው፣ በፑማ ጫማ በ2:12:11 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው በ1964 ፊል ናይት የተባለ አሜሪካዊ የኦኒትሱካን ጫማ እያስመጣ በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ፤ ይህም ንግድ ከሰባት ዓመት በኋላ ናይኪ የሚባለውን ስም ወለደ። እንግዲህ አዲዳስ፣ ፑማና የናይኪ አያት፣ ሦስቱም በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ አንድ እግር ዙሪያ ታይተዋል።

መካከሉን ዘልዬ ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአዲዳስ ነበር፤ ቀነኒሳ በቀለ የናይኪ። በ2004 ቀነኒሳ በስምንት ቀን ልዩነት የኃይሌን ሁለት ክብረ ወሰኖች ወሰደ፤ 5,000 ሜትሩን ሄንጌሎ ላይ በ12:37.35፣ 10,000 ሜትሩን ኦስትራቫ ላይ በ26:20.31። ለኩባንያዎቹ ክብረ ወሰኑ ከሦስት መስመር ወደ አንድ ጭረት ተሻገረ። ለእኛ ከአሰላ ወደ በቆጂ ነው የሄደው፤ ከአርሲም አልወጣ። በዚያው ዓመት አቴንስ ላይ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን በፍጻሜው ሩጫ መካከል ዞር ዞር እያሉ የተጎዳውን ኃይሌን ሲፈልጉ ያየ ሰው፣ የትኛው ጫማ የትኛውን እንደሚጠብቅ አልጠየቀም።

የጫማው ጦርነት ከሁሉ ይልቅ የደመቀው ግን በሁለት ሴቶች እግር ነው፤ መሠረት ደፋር በአዲዳስ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በናይኪ። የ5,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን መሠረት በ2006 ኒው ዮርክ ላይ 14:24.53 አደረገችው፤ በ2007 ኦስሎ ላይ ራሷ ወደ 14:16.63 አወረደችው። በ2008 እዚያው ኦስሎ ጥሩነሽ 14:11.15 ሮጠች። መሠረት በሐምሌ ወር ስቶክሆልም ላይ ልታስመልሰው ሞክራ በ1.73 ሰከንድ ብቻ አመለጣት። በሔልሲንኪ 2005 ጥሩነሽ አንደኛ መሠረት ሁለተኛ፤ በቤጂንግ 2008 ጥሩነሽ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ፣ መሠረት በኋላ ወደ ብር የተለወጠ ነሐስ። ይህ ሁሉ ሲሆን በየሻይ ቤቱ «የመሠረት ወገን»፣ «የጥሩነሽ ወገን» ተባብለን ተከራክረናል። በኦሊምፒክ ማልያው የአገር ነው፤ ጫማው ግን እንደ ሥራ መሣሪያ ስለሚቆጠር የየሯጩ ምርጫ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ከላይ አንድ ሆኖ ሳለ ከታች ሁለት ኩባንያ ይሮጣል።

ኩባንያዎቹ ፉክክሩን አቀጣጠሉት ወይስ ተጠቀሙበት? እኔ ተጠቀሙበት ባይ ነኝ። ለንደን 2012 ለዚህ ምስክሬ ነው። መሠረት ከስምንት ዓመት በፊት አቴንስ ላይ ያገኘችውን የ5,000 ሜትር ወርቅ መልሳ ስትወስድ ጥሩነሽ ሦስተኛ ወጣች። መስመሩን ባለፈች ጊዜ የዓለም ካሜራ ሁሉ ተደቅኖባት ነበር፤ ለማስታወቂያ ከዚያ የተሻለ ደቂቃ የለም። እርሷ ግን ከማልያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ጫማው ራሱ ተለወጠ። ሶሉ ወፈረ፣ በውስጡ የካርቦን ዝርግ ገባበት፣ የሚያስፈነጥር ሆነ። አሁን ነገሩ ከመኪና ጎማ ጋር በእርግጥ ተመሳሰለ፤ ማን እንደሮጠ ብቻ ሳይሆን በምን እንደሮጠ መጠየቅ ግድ ሆነ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ4 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ደነገገ። በመስከረም 2021 ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2:09:22 አሸነፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ድሉ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው በአንድ ሴንቲ ሜትር ተሸነፈ። በኢንዲያናፖሊስ ጎማው ሲከዳ አሽከርካሪዎቹ ደመወዛቸው አልተነካም፤ ከጎዳና ሯጩ ግን ሽልማቱ የዓመት እንጀራው ነው። ሕጉ ሕግ ነው፤ እኔን የሚቆረቁረኝ ይህን ጫማ የሠራው ኩባንያ ያልተቀጣ መሆኑ ነው።

በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ የሴቶችን ማራቶን በ2:11:53 ስትገባ፣ ከቀደመው ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆርጣ ነበር። ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ለገበያ የቀረበው መጀመሪያ 521 ጥንድ ብቻ ሲሆን፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል ነበር። ትዕግሥት ከውድድሩ በኋላ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ አሳየች። ሥዕሉን ባየሁ ጊዜ የመሠረት ሥዕል ትዝ አለኝ፤ አንዷ ከደረቷ ያወጣችውን፣ አንዷ ከእግሯ ያወጣችውን። ትዕግሥትን አልነቅፍም፤ ጉልበቱ የእርሷ ነው። ክብረ ወሰኑን በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ ላይ ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በናይኪ ጫማ ሻረችው።

የአንድ ነገር ዕዳ ቀርቶብኛል፤ የባዶው እግር ነገር። በ2010 ቪብራም የተባለው ኩባንያ ጣት ጣት ያለው፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት የሚሰጥ ጫማ ሠርቶ «ቢኪላ» ብሎ ሰየመው። ቪብራም የጫማ ሶል ሠሪ ነው፤ አገሩም ኢጣሊያ ነው። አበበ በባዶ እግሩ ያሸነፈባት አገር፣ በባዶ እግሩ ስም ጫማ ሸጠች ማለት ነው። የአበበ ቤተሰብ ያለ ፈቃዳችን በስማችን ተነገደ ብሎ በ2015 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ክሱ በ2016 ውድቅ ተደረገ። ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቶ አልነበረም ውድቅ የሆነው፤ ቤተሰቡ ስለ ጫማው ያወቀው በ2011 ነበር፣ ክሱን ያቀረበው ግን በ2015 ነው ተብሎ ነው። ዳኛው የቆጠሩት በመካከል ያሉትን አራት ዓመታት ነው።