ባሕር ማዶ የተላኩ ወጣቶችና የመንግሥት ሥራ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ አስተዳደር ታሪክ ውስጥ ባሕር ማዶ ተልከው የተማሩ ወጣቶች የያዙት ስፍራ ከቁጥራቸው ማነስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ ነው። ዛሬ ነፃ የትምህርት ዕድል ወይም በተለምዶ ስኮላርሺፕ የሚባለው ነገር ከ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶቹን የሚመሩለትን ሰዎች ከሚያዘጋጅባቸው መንገዶች ዋነኛው ነበር፤ ስለዚህም የአሰጣጡና የአቀባበሉ ታሪክ በብዙ መልኩ የሲቪል ሰርቪሱ ታሪክ ነው። ስለነዚህ ወጣቶች የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የተማሩትን ትምህርትና ያገኙትን ዲግሪ ይዘረዝራል፤ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሲመለሱ ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት፣ ምን ዓይነት ሕግና ምን ዓይነት አለቃ እንደ ጠበቃቸው መመርመሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የተማሩት በዕቅድ ሳይሆን በአጋጣሚ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው በሕንድና በስኮትላንድ ሕክምና ተማሩ። በራስ መኮንን ቤት ያደጉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት ማግስት ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ሠለጠኑ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ከዐድዋ ተነሥተው በምፅዋ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻግረው ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች ተማሩ። ሦስቱም ሲመለሱ ሙያቸውና የተሰጣቸው ሥራ ብዙ ጊዜ አልተገናኘም። ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ ነጋድራስ ማለት የንግድና የጉምሩክ ሹም ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ያዩት የቀረጥ ዝርክርክነትና የባቡሩ ንግድ ያስከተለው ጥገኝነት ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ለታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ለተሰኘው መጽሐፋቸው ግብዓት ሳይሆን አልቀረም። ደመወዝና የመንግሥት ገቢ በሕግ ካልተወሰኑ በቀር የተማረ ሹም ብቻውን የትም እንደማይደርስ ከገብረ ሕይወት ቀድሞ በዚያ ጥራት የተረዳ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የሚኒስትሮችን ሹመት ሲያውጁ በዚያው ዘመን በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። የግብፅ ኮፕት መምህራን ያስተማሩበት ይህ ትምህርት ቤት ቋንቋን በተለይም ፈረንሳይኛን ያስቀደመ ነበር፤ መንግሥት በዚያን ጊዜ ከሁሉ በፊት ያስፈለገው ከውጭ መልእክተኞች ጋር የሚነጋገርለትና ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ነበርና። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩትን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ግን ሐሳቡ ሰፋ ያለ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ተቆጣጣሪነት የያዙትም እኒያው ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ወጣቶች በየጊዜው በትንንሽ ቡድን ወደ ግብፅ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይላኩ ጀመር። ለአንዳንዶቹ የእስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ መሸጋገሪያ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ኦክስፎርድ፣ ወደ ካምብሪጅ ወይም ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ይቀጥሉ ነበር። የወታደርነት ሙያ የተመረጠላቸው ወደ ፈረንሳዩ ሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ መላኩ በያንን የመሰሉት ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ ከተማሩ በኋላ ሕክምናን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፈጸሙ።

የምርጫው መንገድ ለውጤቱ ቁልፍ ነው። ለመላክ የሚወዳደሩበት የታወቀ ፈተና አልነበረም፤ ወጣቱ የሚታወቀው በልዑሉ ፊት በመቅረቡ፣ በዘመዱ ወይም በመምህሩ ምስክርነት ነበር። ከመኳንንት ልጆች ጎን የተራ ሰው ልጆችም ዕድሉን አግኝተዋል፤ ይህም ያለ ስሌት የተደረገ አይደለም፤ በውርስ ርስትና ጭፍራ ያልታሰረ ሹም ለመካከለኛው መንግሥት ታማኝ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበርና። ነገር ግን ከመኳንንቱ ነፃ የሆነው ወጣት ለላከው ጌታ ባለውለታ ሆነ። ሲመለስም ሹመት እስኪሰጠው ድረስ ደጅ ይጠና ነበር፤ ደጅ ጥናት ማለት ሹመት ፈላጊ በጌታው ደጃፍ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየተመላለሰ መታየቱና መታሰቡን የሚጠብቅበት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። በፓሪስ ሕግ የተማረ ሰው ሥራ የሚያገኘው ከአያቱ ዘመን ጭቃ ሹም ባልተለየ መንገድ መሆኑ ምን ያህል ግራ እንደሚያጋባ መገመት አያዳግትም።

እንዲህም ሆኖ የዚያ ትውልድ የተስፋ ምንጭ ጃፓን ነበረች፤ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነፃነቷን ጠብቃ የሠለጠነች አገር መሆኗ በ«ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ላይ ለሚጽፉት ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ነበር። የሐምሌ 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተረቀቀ ሲሆን፣ ረቂቁን ያዘጋጁትም በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ይሁን እንጂ ጃፓን ተማሪዎቿን የተቀበለችው በውድድር ፈተና በተደራጀ ቢሮክራሲ ሲሆን ኢትዮጵያ ግን በቤተ መንግሥት አዳራሽ ነበር፤ የሁለቱ አገሮች መንገድ የተለያየው ከምንም በላይ እዚህ ላይ ይመስላል።

የፋሺስት ወረራ ይህን ጅምር በአጭሩ ቀጨው። በውጭ የተማሩት ወጣቶች ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ጋር ሆነው በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ የማኅበሩ ደንብ የጦር አዛዡን ለሲቪሉ አመራር ተገዥ ማድረጉ፣ የተማሩት የአስተዳደር ሐሳብ በጫካም እንዳልተዋቸው ያሳያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የኢጣሊያ ባለሥልጣኖች ተምሯል የተባለውን ወጣት እየለዩ ገደሉ። ከሟቾቹ መካከል የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንዲሁም በካምብሪጅ የተማሩት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ይገኛሉ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የተማረ ሰው ማጣት ከነፃነት በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ ለዓመታት በውጭ አማካሪዎች እንዲደገፉ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የተረፉት በየቦታቸው ተሰለፉ። በለንደን ኢኮኖሚክስ የተማሩት ይልማ ዴሬሳ በገንዘብ ሚኒስቴር፣ በፈረንሳይ ሕግ የተማሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ በውጭ ጉዳይ ታላላቅ ሥራ ሠሩ፤ አክሊሉም በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን ግን እስከ 1947 ዓ.ም. የቆየው ባሕር ማዶ ባልተማሩት በጽሕፈት ሚኒስትሩ በጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እጅ ነበር። ጽሕፈት ሚኒስቴር የንጉሠ ነገሥቱን ቃልና ትእዛዝ ጽፎ የሚያስተላልፍ መሥሪያ ቤት በመሆኑ፣ ለዙፋኑ የቀረበ ሰው ዲግሪ ካለው ሰው እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ለአዲሱ ትውልድ መሰናዶ የሆኑት በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ተቋም ተመሠረተ፤ ይህ ተቋም ሹማምንትን በሥራ ላይ እያሉ በመዝገብ አያያዝ፣ በበጀትና በሠራተኛ አስተዳደር የሚያሠለጥን ሲሆን፣ ቅጥርና ዕድገትን በችሎታ መመዘኛ እንዲመራ የታሰበው የማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤትም በ1954 ዓ.ም. አካባቢ ተከተለ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀድሞው ልማድ አልጠፋም፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ተማሪ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ ምክር ይሰማ፣ ሲመለስም እጅ ይነሣ ነበር።

የዚህ አሠራር ውስጣዊ ቅራኔ በግልጽ የታየው በገርማሜ ንዋይ ሕይወት ነው። ገርማሜ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው፣ በኬንያ ስለነበረው የነጮች የመሬት ሰፈራ ፖሊሲ የማስተርስ ጽሑፍ አቅርበው ተመለሱ። በወላይታ አውራጃ ገዥነት በተሾሙ ጊዜ የመንግሥት መሬት ለጭሰኞች ማከፋፈል ጀመሩ፤ ጭሰኛ ማለት በባለመሬቱ ርስት ላይ እያረሰ ከምርቱ ድርሻ የሚከፍል ገበሬ ነው። ባለመሬቶቹ አቤት አሉ፤ ገዥውም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ፤ እዚያም ውሃና ትምህርት ቤት ለማዳረስ ሲጥሩ በበጀት እጦትና በበላይ አካል ዝምታ ተሰናከሉ። ገርማሜ የተዘጋጁለትን የሕዝብ አገልግሎት በተሰጣቸው ሥልጣን ለመፈጸም ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ የተዘጋባቸው ሹም ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ከዚህ በኋላ ነው። ሙከራው ደም አፋሳሽ ነበር፤ ታጋች ሹማምንትን መግደሉም በምንም ምክንያት አይጸድቅም፤ ሆኖም የኮሌጁ ተማሪዎች በሰልፍ የደገፉት መሆኑ ቅሬታው የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ያረጋግጣል።

በዚያን ጊዜ በኮሌጁ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብረው የሚኖሩ ከኬንያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች በንጉሠ ነገሥቱ ነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ አፍሪካውያን ወጣቶችም ነበሩ፤ በክርክር ልምዳቸውና በፀረ ቅኝ ግዛት ፖለቲካቸው አስተናጋጆቻቸውን አነቁ። ዕድሉ የተሰጠው ኢትዮጵያን በአህጉሩ ለማስከበር ሲሆን፣ ያልታሰበው ውጤቱ ከታሰበው በለጠ።

ከተሞከሩት የዝግጅት መንገዶች ሁሉ ፍሬያማው ግን በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በአገልግሎቱ ደንብ መሠረት ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ ካላገለገለ ዲግሪ አይሰጠውም ነበር። ሥርዓቱ ከደጅ ጥናት የሚለየው ለሁሉም እኩል በመሆኑ ነው፤ የመኳንንት ልጅም የገበሬ ልጅም በአንድ ደንብ ይመደባል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ በሩቅ ወረዳ የዳኛውን ፍርድ፣ የባለመሬቱን ጎተራና የሕፃናቱን ባዶ እግር ለአንድ ዓመት ሲያይ ያገኘው ዕውቀት በየትኛውም የውጭ ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም ነበር። «መሬት ለአራሹ» የሚለው የየካቲት 1957 ሰልፍ መፈክር ከአገልግሎቱ ባይመነጭም፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከክፍለ ሀገር የሚመለሱት ተማሪዎች መፈክሩን በዓይን ምስክርነት አጽንተውታል።

መንግሥቱ ለአገልግሎት ያዘጋጃቸውን ወጣቶች ትችት መስማት አልቻለም፤ ወጣቶቹም በኋላ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ አብዮቱን መረጡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ሹማምንት መካከል በፈረንሳይ የተማሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና በኦክስፎርድ የተማሩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ። በቀጣዩ ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ።