ግመሎቹ ያልተቆጠሩበት ጦርነት

የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ዛሬ መጽሐፍ ገልጦ ሳይሆን የኮምፒውተር ጨዋታ ከፍቶ የሚተዋወቀው ወጣት ጥቂት አይደለም። ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ያወጣው «ኸርትስ ኦፍ አይረን 4» የሚጀምረው ልክ በወረራው መካከል፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በወጣው ጭማሪ ደግሞ ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የትግል መንገድ ተሰጣት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቢሰደዱም ጦርነቱ የሚቀጥልበት። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ተከታዩ ዕትም ሲታሰብ ምን መታረም አለበት? መልሱን ለማግኘት ዳንግላንና እንጅባራን ማየት ይበቃል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ኡም ኢድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። በኦርድ ዊንጌት የሚመራው፣ «የጌዴዎን ጦር» የተባለው ኃይል፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተደምረው 2,000 ገደማ ቢሆን ነው። ጎጃም ውስጥ የሰፈረው የኢጣሊያ ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር፤ መድፍና አውሮፕላንም ነበረው። ሆኖም በየካቲት ወር ዳንግላና እንጅባራ ተለቀቁ። ቡሬም ተከተለች። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ይህንኑ ሁኔታ በጨዋታው ሰሌዳ ላይ ብናሰልፈውስ? 2,000 ሰው በሳምንት ውስጥ ይደመሰሳል፤ ስሌቱ የሚያውቀው ቁጥርና ትጥቅ ነውና።

ታዲያ ስሌቱ ምን ጎደለው?

አንደኛው እንስሳ ነው። በጨዋታው ውስጥ ስንቅ ከወደብና ከባቡር ሐዲድ ተነሥቶ በማከፋፈያ ማዕከላት በኩል ይደርሳል። ጎጃም ደግሞ ሐዲድ አልነበራትም። የጌዴዎን ጦር ጥይትና እህል የተጫነው በግመል ነበር፤ ከሱዳን የተሰበሰቡት 15,000 ያህል እንደ ነበሩ ይነገራል። የበረሃው እንስሳ በላያ ተራራን አልፎ ወደ አገው ምድር ደጋ ሲወጣ ብርዱና ዳገቱ፣ የግጦሹም ለውጥ ፈጀው። ከዘመቻው የተረፉት ከቁጥር የማይገቡ ናቸው። ፈረሰኛውም እንዲሁ ነው፤ በጨዋታው የፈረሰኛ ጦር ለማቋቋም ሰውና ጠመንጃ ብቻ ይበቃል፤ ፈረሱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ፈረስ ከጉግስ አልፎ ሞፈርና ቀንበር በሚጎትትበት በአዊ ምድር ይህ እንዴት ያስቃል! ፈረስ ወደ ጦር ሜዳ በሄደ ቁጥር የሚቀር እርሻ አለ።

ሁለተኛው ወሬ ነው። «ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይባላል፤ በቡሬ ግን ከመድፍ በላይ ከብዶ ነበር። የኢጣሊያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ምሽጉን የለቀቀው ከፊቱ ያለውን ጦር ከእውነተኛው መጠን እጅግ አልቆ በማየቱ ነው። ጆርጅ ስቲር የሚያዘጋጀው «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ፣ በራሪ ወረቀቱና የድምፅ ማጉያው ለኢጣሊያ የተሰለፈውን ያገር ተወላጅ ወታደር ልቡን ይሸረሽሩት ነበር። ስለዚህ ተከታዩ ጨዋታ አዛዡ የሚያየውን ጦር ሳይሆን አለ ብሎ የሚያምነውን ጦር ማስላት አለበት።

ሦስተኛውና ዋናው አርበኛው ነው። የጌዴዎን ጦር ከመድረሱ በፊት ለአምስት ዓመት ገደማ ጎጃምን ለጠላት እሾህ ያደረጓት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ ናቸው። እነዚህን ሰዎች በአንድ ቀለም ቀብቶ «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ብሎ ማሰለፍ ታሪክን መግደል ነው። እያንዳንዱ የራሱ አገር፣ የራሱ ተከታይ፣ የራሱም ቅሬታ ነበረው። መንገሻና ነጋሽ ተቀያይመው እንደ ነበር፣ አዛዥ ከበደ ተሰማና ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ እንዳስታረቋቸው የታወቀ ነው። ያች ዕርቅ ከአንድ ባታሊዮን ትበልጣለች፤ በየትኛውም የጨዋታ ሰሌዳ ላይ ግን ቦታ የላትም። አርበኛው ገበሬም ስለሆነ የአዝመራ ወቅት የጦሩን መጠን ይለውጣል።

«ሁሉን እንቁጠር ካላችሁ ጨዋታነቱ ቀርቶ የሒሳብ ክፍል ይሆናል» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት አለው። የእያንዳንዱን ወታደር የጫማ ቁጥር መዝግቡ ያለ የለም። መመዘኛው አንድ ብቻ ይሁን፦ ውጤቱን የወሰነው ነገር ይቆጠር። በጎጃም ውጤቱን የወሰኑት ግመል፣ ወሬና ዕርቅ ናቸው።

ይህን ሁሉ ግን ስቶክሆልም የተቀመጠ ሠሪ ሊያውቀው አይችልም፤ እንዲያውቀውም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት በሩን መክፈት ነው። ተጫዋቾች ራሳቸው ጨዋታውን የሚቀይሩበት «ሞድ» የሚሉት አሠራር የዚህ ጨዋታ ትልቁ ሀብት ነው፤ ብዙው ፋይል በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ ስለሆነ የከተማን ስም፣ የአዛዥን ማዕረግ፣ የድርጊትን ቅደም ተከተል መቀየር ይቻላል። የስሌቱ እምብርት ግን ተዘግቷል። ዳንግላ ላይ የሚኖር ወጣት የመንገሻን ስም ሊያስገባ ይችላል፤ ግመሉ ደጋ ሲወጣ እንዲሞት ማድረግ ግን አይችልም። ተከታዩ ዕትም የስንቅንና የታማኝነትን ደንብ ጭምር ይክፈት። የግዕዝ ፊደልም ሳይሰባበር ይነበብበት፤ እንጅባራ በራሷ ፊደል ትጻፍ።

በሩ ቢከፈት የሚገባበት ዕውቀት በእጃችን አለ ወይ? በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ዓድዋንና የአርበኝነቱን ዘመን ያስባል። ፈረስ በቀን ስንት እንደሚጓዝ፣ ምን ቢበላ እንደሚጸና፣ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቁ አባቶች እዚያ አሉ። ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ግን ጥቂት እንኳ አልቀሩም ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ የሰሙትም እያረጁ ነው። ሥራው ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለዳንግላ መምህራን የሚሆን ነው፦ ደብተርና ድምፅ መቅጃ ይዞ አባቶችን መጠየቅ። ይህ ካልሆነ የጨዋታው በር በተከፈተ ቀን ይዘንበት የምንገባው አይኖረንም፤ የጎጃምም ጦርነት የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ጀብዱ ሆኖ ይቀራል።