ጃፓንን በልኩ መውደድ፦ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ እስከ አኒሜ ትውልድ

ቆቃም ይሁን ሞጆ ወይም አዳማ፣ አኒሜ የሚያይ ወጣት ሁለት ክስ ይቀርብበታል። የመጀመሪያው ከቤት ነው፦ «ይሄን የሚያህል ሰውዬ ካርቱን ያያል!» ሁለተኛው ከእኩዮቹ ይመጣል። «ናሩቶን አይቻለሁ» ሲል «እስከ ስንተኛው ክፍል? ማንጋውንስ አንብበሃል?» ብለው ያፋጥጡታል። ለቤተሰቡ ከመጠን በላይ ወዷል፣ ለጓደኞቹ ደግሞ ገና በቂ አልወደደም።

በሁለቱ መሃል ያለው ሰው ስም የለውም። ሥራው ላይ ውሎ ማታ አንድ ሁለት ክፍል አይቶ የሚተኛ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም ግማሹን የሚረሳ፣ ካልጣመው ትቶ ሌላ የሚጀምር ተመልካች ማለት ነው። አባዜ አልያዘውም፤ ግን ይወዳል። ይህ ሰው የሚያፍርበት ምንም ነገር የለም። እንዲያውም ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ከሩቅ የወደዱበትን የመቶ ዓመት ገደማ ታሪክ ለሚያውቅ፣ ትክክለኛውን መንገድ የያዘው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ጦርነቶች ነው። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያንን አሸነፈች። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 በተደረገው ጦርነት ሩሲያን ድል ነሳች። ለጊዜው የኢትዮጵያ ምሁራን ይህ ትልቅ ትርጉም ነበረው፦ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ የአውሮፓን ኃይል መግታት ብቻ ሳይሆን በፋብሪካና በትምህርት ቤትም ሊስተካከለው ይችላል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች የጃፓንን ስም ደጋግመው አነሱ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም ጃፓንን አርአያ ስላደረጉት ስለነዚህ ሰዎች በሰፊው ጽፈዋል። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከፊታቸው ያስቀመጡት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የፍቅሩ መልክ የሚታየው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ላይ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄደው በክብር ተስተናገዱ። ሲመለሱም ያዩትን ጽፈው አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል ነው። የብርሃን ማደሪያ! ርእሱ ብቻውን የጸሐፊውን ልብ ያሳያል። ሆኖም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ከመድረሳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የዚያችው የብርሃን ማደሪያ ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ኮርያና ታይዋን ደግሞ ቀድሞውንም በቅኝ ግዛቷ ሥር ነበሩ። ከሩቅ የሚወድ ሰው የወደደውን ነገር ጥሩ ጥሩውን ብቻ ያያል።

ፍቅሩ እስከ ጋብቻ ሊደርስም ተቃርቦ ነበር። በጉዞው አብረው ከሄዱት አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለጉ፤ የአንድ ጃፓናዊ መኳንንት ልጅ የሆነችው ኩሮዳ ማሳኮም ታጨች። ወሬው የአውሮፓን ጋዜጦች አጥለቀለቀ። ጣሊያን በጣም ተቆጣች። እ.ኤ.አ. በ1934 ነገሩ ፈረሰ።

በዚያው ዘመን ጃፓንን በሌላ መንገድ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊም ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ አይጻፍም። በ1920ዎቹ የኢትዮጵያ ገበያ ርካሽ የጃፓን ጨርቅ ሞልቶት ነበር። ቀደም ሲል ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውን አቡጀዲ የጃፓኑ ተካው። ከገበያ አቡጀዲ ገዝታ ልብስ ያሰፋች ሴት ጃፓን የብርሃን ማደሪያ ትሁን አትሁን አላሳሰባትም። ጨርቁ ጠንካራ ከሆነ ትገዛለች፣ ቶሎ ካለቀ ደግሞ ሌላ ትፈልጋለች። ዛሬ አኒሜን ቀለል አድርጎ የሚያይ ሰው አያቱን ይፈልግ ከተባለ ከሚኒስትሩ ይልቅ ይህችን ሴት ቢያገኝ ይሻላል።

ምክንያቱም የሚኒስትሩ ፍቅር ክፉኛ ተሰበረ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የጃፓን ተራ ሕዝብና አንዳንድ ማኅበራት ለኢትዮጵያ ማዘናቸው እውነት ነው። መንግሥታቸው ግን ጥቅሙን አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ጃፓን አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የጣሊያንን ወረራ አወቀች። ጣሊያንም በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1937 ማንቹሪያ ላይ ጃፓን ላቆመችው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ እ.ኤ.አ. በ1938 በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ።

የዚያ ጦርነት ሂሳብ ከተከፈለባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቃ ነው። የአዋሽን ወንዝ ገድቦ ሐይቁን የፈጠረው የቆቃ ግድብ የተሠራው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ነው። ስምምነቱ የተፈረመው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን ገንዘቡ ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቆ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ማመንጨት ጀመረ፤ በጊዜው የአገሪቱ ትልቁ የኃይል ምንጭ ነበር። ስምምነቱ በተፈረመበት እ.ኤ.አ. 1956 ዓመት ኅዳር ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቶኪዮን ጎበኙ። አንዱ ወዳጅ ካሣ እየከፈለ፣ ሌላው ወዳጅ ቀይ ምንጣፍ እያነጠፈ፤ ዲፕሎማሲ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የጃፓን ወዳጅነት ረጋ ያለ ነበር። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ አድናቆታቸውን አልደበቁም። ግን ርእሱን ከኅሩይ ርእስ ጋር ማስተያየት ይበቃል። አንዱ ያወድሳል፣ ሌላው «እንደምን?» ብሎ ይጠይቃል። ከበደ የፈለጉት ዘዴውን ነው፤ በተለይ ትምህርቱን።

ከዚያ 1957 ዓ.ም. ጥቅምት መጣ። በ11ኛው ቀን አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛ የኦሊምፒክ ወርቁን ወሰደ። በ23ኛው ቀን ደግሞ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ቶኪዮ ውስጥ ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ኦሳሙ ቴዙካ ከማንጋ ወደ ስክሪን ያመጣው «አስትሮ ቦይ» ከጥር 1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሳምንቱ ይታይ ነበር።

የአስትሮ ቦይ ነገር ትንሽ መቆየትን ይጠይቃል፤ የአባዜው ንግድ እዚህ ላይ ይታያልና። ቴዙካ እያንዳንዱን ክፍል ከወጪው በታች በሆነ ዋጋ ለጣቢያው ሸጠ። ጉድለቱ የሚሞላው ከሌላ ነገር ነበር። ስፖንሰር የሆነው የሜጂ ቸኮሌት ኩባንያ ከከረሜላው ጋር የአስትሮ ቦይን ተለጣፊ ሥዕል መስጠት ጀመረ፤ ልጆች ሥዕሉን ለመሰብሰብ ቸኮሌቱን ተሻሙበት። ከዚያ ወዲህ ኢንዱስትሪው አንድ ነገር ተማረ። አይቶ የሚያልፍ ሰው ጥሩ ነው፣ የሚሰበስብ ሰው ግን ገንዘብ ነው። ዛሬ «እውነተኛ አድናቂ» ለመባል አሻንጉሊቱን፣ ቲሸርቱን፣ ሙሉውን ቅጽ መያዝ ያስፈልጋል የሚለው ስሜት ከሰማይ አልወረደም።

የማንጋ አንባቢ ግን ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። «ማንጋ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ልብ፣ ሳይጨነቁ የተሣለ ሥዕል እንደማለት ነው፤ ሠዓሊው ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1814 ማውጣት የጀመረው የንድፍ መጽሐፍ ይህን ስም ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው «ሾነን ጃምፕ» የተባለው መጽሔት እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ፣ በርካሽ ወረቀት የሚታተም ነገር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በአንድ እትም ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ወጣ። ያን ሁሉ የሚገዛው አባዜ የያዘው ሰው ሊሆን አይችልም። ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ የቀን ሠራተኛው ባቡር ላይ ያነበዋል፣ ሲወርድ እዚያው ትቶት ይሄዳል። ትልቁ ማንጋ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው።

አባዜ የያዘው ሰው ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው። «ኦታኩ» በጃፓንኛ «የእርስዎ ቤት» ማለት ሲሆን እንደ «እርስዎ» ሆኖም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1983 አኪዮ ናካሞሪ የተባለ ጸሐፊ ስለ አኒሜ ብቻ የሚያወሩ ወጣቶች እርስ በርስ በዚህ የተጋነነ የአክብሮት ቃል ሲጠራሩ ታዝቦ አላገጠባቸው። ሁለት ጓደኛሞች የታክሲ ሰልፍ ላይ «እርስዎ» እየተባባሉ ስለ ካርቱን ሲከራከሩ ማሰብ ነው። በ1989 ግን ቀልዱ አበቃ። ሕፃናትን የገደለ ወንጀለኛ ቤቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተሞልቶ ተገኘ፤ ጋዜጦቹም በአንድ ሰው ወንጀል አንድ ትውልድ ከሰሱ። እዚህ አገር ወላጆች የሚፈሩት ነገር ጃፓን ውስጥም ተፈርቶ ነበር ማለት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ባቡር ላይ የሚያነቡትን ሚሊዮኖች ረስቶ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ አኒሜ የገባው በዋናው በር አይደለም። ብዙዎች የመጀመሪያውን ያዩት ጃፓናዊ መሆኑን ሳያውቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተጀመረው ስፔስቱን፣ በ2004 ከተከፈተው ኤምቢሲ 3፣ በዲሽ በሚገባ ዐረብኛ። ኳስ ተጫዋቹን ልጅ «ካፒቴን ማጂድ» ብለው ያውቁታል፤ ጃፓን ውስጥ ስሙ ጹባሳ ነው። ከዚያ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች መጡ፣ ከዚያ ቴሌግራም። ይህ መንገድ ራሱ ቀለል ያለ አድናቂን የሚፈጥር ነው። የተጫነልህን ታያለህ፣ መብራት ሲጠፋ ታቆማለህ፣ ክፍል 14 ከጠፋ ወደ 15 ትሄዳለህ።

ድንጋጤውም አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር የአገር ቤት የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ ባህል ጠፋ ተባለ። ተመልካቹ ግን አይቶ፣ አልቅሶ፣ ሲሰለቸው ወደ ሌላ ሄደ። ማንም ቱርክ አልሆነም።

ቀላል ፍቅር ጥልቀት የሌለው ነው ብሎ ለሚንቅ፣ ባለፈው እ.ኤ.አ. 2025 የሆነውን ማየት ነው። ከ«ዋን ፒስ» የተወሰደው የገለባ ባርኔጣ የለበሰ ራስ ቅል ያለበት ባንዲራ በኢንዶኔዥያ፣ በኔፓል፣ በማዳጋስካር ሰልፎች ላይ ተውለበለበ። ማዳጋስካሮች ባርኔጣውን በራሳቸው የአገር ባርኔጣ ለወጡት። ባንዲራው አደባባይ የወጣው ሁሉም ሰልፈኛ ታሪኩን በቃሉ ስለሚያውቅ አይመስልም። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ስለሚያውቀው ነው። አንድ ምልክት ሕዝባዊ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ሁሉንም የሚያውቁ ጥቂቶች ብቻቸውን ምልክት አያደርጉትም።

ይህ ማለት አባዜ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፈተና ያስጥላል፣ ሰው ከሰው ይለያል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ዋን ፒስ ከ1,100 ክፍል አልፏል። እያንዳንዱ 24 ደቂቃ ገደማ ቢሆን 440 ሰዓት፣ ማለትም ሳይተኙ ሳይበሉ ከ18 ቀን በላይ ነው። ይህን ለመጨረስ የማይፈልግ ሰው ሰነፍ አይባልም። ሌላም አለ፦ «ዴዝ ኖት» 37 ክፍል ነው፣ «ካውቦይ ቢባፕ» 26፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦስካር ያገኘው የሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» ደግሞ በአንድ የእሑድ ከሰዓት ያልቃል።

ዋን ፒስን መቶኛው ክፍል ላይ ትቶ ወደ ሥራው የተመለሰ የቆቃ ልጅ፣ ሉፊ ሀብቱን ያግኝ አያግኝ ሳያውቅ ይኖራል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሥለው ኤይቺሮ ኦዳም እስካሁን አልጨረሰውም።