ከባልንጀራ ጋር ስለ መሽቀዳደም

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት በሥራ ጉዳይ ተልከው ወደ ጌዴኦ ወርደው እንደ ሆነ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን ዲላን ያውቋታል። ከዚህች የቡና ከተማ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ቡሌ ያቀኑ እንደ ሆነ ግን መንገዱ ወዲያው ሽቅብ ይነሣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር ግድም የተነሣ መንገደኛ ከ2500 ሜትር ከፍታ በላይ ወዳለው ደጋ ይወጣል። ቡናው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንሰቱና ገብሱ እየበዛ ይሄዳል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ እስትንፋስም ያጥራል።

በዚህ ዳገት ላይ ሁለት ሰዎች በሁለት ብስክሌት ይወጣሉ እንበል። አንደኛው ብርቱ ነው፤ ሁለተኛው ደከም ያለ ነው። ብርቱው ባልንጀራውን ትቶ ይገሥግሥን? ወይስ ዝግ ብሎ ይጠብቀው? ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ ይመስላል። ዳሩ ግን የብስክሌት እሽቅድምድም ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረ ብርቱ ጥያቄ ነው፤ እርስዎም በመሥሪያ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ በየዕለቱ የሚያገኙት ጥያቄ መሆኑን ወደ ፍጻሜው እንመለከታለን።

ብዙ ቀን የሚፈጀው የብስክሌት እሽቅድምድም በሰፊው የታወቀው በፈረንሳይ አገር ነው። በ1895 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903) አንድ የስፖርት ጋዜጣ ገበያውን ለማስፋት ብሎ አገሪቱን የሚዞር ውድድር አቋቋመ። መንገዱ ከ2400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በ6 ክፍል ተከፍሎ ነበር። 60 ሰዎች ተነሡ፤ የፈጸሙት ግን 21 ብቻ ናቸው። አሸናፊውም ሞሪስ ጋረን ነበር። የውድድሩ መሪ አንሪ ደግራንዥ በዚያን ጊዜ የነበረው አሳብ፥ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ጉልበቱ ብቻ ይሽቀዳደም፥ ማንም ማንን አይርዳ የሚል ነበር። ነገር ግን የሰው ጠባይና የነፋስ ጠባይ ይህን አሳብ አልተቀበሉትም። ከፊት የሚጋልበው ነፋሱን ሲሰነጥቅ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ድካሙ እጅግ ይቀልለታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ቢመሩ፥ ብቻውን የሚሄደውን ብርቱ ይደርሱበታል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ያገራችን ተረት በብስክሌት ላይ እንዲህ ባለ አኳኋን ይፈጸማል። ደግራንዥም በመጨረሻ ይህን አምኖ በ1922 ዓ.ም. (በ1930) ውድድሩ በየአገሩ ቡድን እንዲሆን አደረገ።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1926 ዓ.ም. ክረምት፥ የቡድን ውድድር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለዓለም ሁሉ ታየ። የፈረንሳይ ቡድን አለቃ አንቶናን ማኝ በፒሬኔ ተራሮች ቁልቁለት ላይ ወድቆ የብስክሌቱ ጎማ ተሰበረ። በአጠገቡ የነበረው ረኔ ቪየቶ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ነው። ይህ ልጅ ዳገት በመውጣት ተወዳዳሪ የማይገኝለት፥ ሕዝቡም የወደደው ጋላቢ ነበር። ቢሆንም የፊት ጎማውን ፈትቶ ለአለቃው ሰጠውና እርሱ ከመንገዱ ዳር በድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጦ ተለዋጭ ጎማ የሚያመጣለትን መኪና እየጠበቀ አለቀሰ። በማግሥቱ ደግሞ ማኝ እንደ ገና ተሰናክሎ ከኋላ ቀረ። ቪየቶ ቀድሞ ሳለ ይህን ባወቀ ጊዜ ብስክሌቱን አዙሮ፥ የወረደውን ተራራ ተመልሶ ወጥቶ ረዳው። በመጨረሻ ማኝ አንደኛ ሆነ። ቪየቶ የተራራውን ሽልማት ቢያገኝም በጠቅላላው 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላም የፈረንሳይን ዙር አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ ቀረ። ዳሩ ግን በግንቡ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ የተነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ አሸናፊዎች ፎቶግራፍ ይልቅ ሲታወስ ይኖራል።

አሁን ወደ እኛ ወገን እንመለስ። በአፍሪካ ቀንድ የብስክሌት እሽቅድምድም ሥር የሰደደው በአስመራ ነው። በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ዘመን ውድድሩ ለኢጣሊያኖች ብቻ የተከለለ ነበር፤ የአገሩ ተወላጅ ከእነርሱ ጋር እንዲሽቀዳደም አይፈቀድለትም ነበር። በ1931 ዓ.ም. (በ1939) ግን ሁለቱ ወገኖች በአንድነት የተፈተኑበት ውድድር ሲደረግ አሸናፊው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1938 ዓ.ም. (በ1946) ኤርትራን የሚዞር የብዙ ቀን ውድድር ተቋቋመ። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወዳለችው አስመራ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ያየ ሰው፥ በዚያ ምድር ዳገት የሚወጡ ጋላቢዎች መብዛታቸው አያስደንቀውም።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር (በ1956) በአውስትራሊያ፥ በሜልቦርን ከተማ ነው። የተላኩት 12 ሰዎች ሲሆኑ ስፖርታቸውም ሁለት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሩጫና ብስክሌት ነው። ብዙ ሰው የኢትዮጵያን የኦሊምፒክ ታሪክ ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል፥ ማለት ከ1952 ዓ.ም. ይጀምራል። ነገር ግን ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት ገረመው ደንቦባ፥ መስፍን ተስፋዬ፥ ፀሐዬ ባህታና ጓደኛቸው በብስክሌት የአገራቸውን ስም ይዘው ቆመው ነበር። ኤርትራ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተሳስራ ስለ ነበረች ቡድኑ ከዚያም የመጡትን ጋላቢዎች ይዞ ነበር።

የዚያ ቀን ውድድር ርዝመቱ 187 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ውጤቱም በሁለት ዓይነት ይቆጠር ነበርና ይህን ልብ ብለው ይመልከቱ። አንደኛው የግል ነው፤ ሁለተኛው የቡድን ነው። የቡድኑ ውጤት የሚገኘው ከአንድ አገር ጋላቢዎች መካከል ቀድመው የገቡት የሦስቱ ተራ ቁጥር ተደምሮ ነው፤ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። በግል አንደኛ የወጣው ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። በቡድን ግን ኢጣሊያ ከሦስቱ ተሸላሚዎች መካከል አልገባችም። ወርቁን የወሰደችው ፈረንሳይ ናት፤ ድምሯም 22 ነበር። ብሪታንያ በ23 ሁለተኛ ሆነች። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን ይመልከቱ። ከፈረንሳይ ሦስተኛ ሆኖ የገባው ሰው፥ «አንደኛ መሆኔ ከቀረ ምን ቸገረኝ» ብሎ ሁለት ሰዎች እንዲያልፉት ቢተዋቸው ኖሮ የአገሩ ወርቅ በጠፋ ነበር። ስሙን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ወርቁ ግን ያለ እርሱ አይገኝም ነበር። ኢትዮጵያ በቡድን 9ኛ ሆነች፤ ገረመው ደንቦባም በግል 24ኛ ወጣ። በዚህ ስፖርት ብዙ ዘመን የኖሩትን አገሮች ተከትሎ፥ በመጀመሪያው ጊዜ 9ኛ መሆን የሚናቅ ነገር አይደለም።

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ (በ1976) በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠጋገኑ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። ቁልቁለቱ የፍሬኑን ቅባት እያቃጠለ ስለሚጨርሰው ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፍሬኑን እንደ ገና መቀባት ግድ ነበር። ከዚህ ትንሽ ጨዋታ የተነሣው ስፖርት ሃያ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1988 ዓ.ም. (በ1996) በአትላንታ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። ከዚያም በ1990 ዓ.ም. የአልፕስን ተራሮች፥ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካን የኬፕ ተራሮች በብዙ ቀን የሚያቋርጡ ውድድሮች ተቋቋሙ። በእነዚህ ውድድሮች የሚወዳደረው አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ሰው ነው።

ኬፕ ኤፒክ በሚባለው በደቡብ አፍሪካው ውድድር ሁለቱ ባልንጀሮች በስምንት ቀን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ሕጉም እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ሊራራቁ አይፈቀድላቸውም፤ በየመቆጣጠሪያው ጣቢያ ተራርቀው ቢገኙ በሰዓታቸው ላይ ቅጣት ይጨመርባቸዋል። ሰዓቱም የሚቆመው ሁለተኛው ሰው ሲገባ ነው። እንግዲህ ብርቱው ቀድሞ ቢደርስ ምን ይጠቅመዋል? ፈጥኖ የደረሰው ቆሞ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ብልህ ሰው ጉልበቱን ለመሸሽ ሳይሆን ነፋስ ለመከለል፥ ካቴና ሲበጠስ ለመጠገን፥ ውሃ ለማካፈል፥ በዳገቱም ባልንጀራውን በጀርባው ደግፎ ለመግፋት ያውለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፉት ናሚቢያዊው ማኒ ሄይማንስና ጀርመናዊው ካርል ፕላት ነበሩ። በአገርም በአህጉርም የተለያዩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ተቆጠሩ ማለት ነው።

የእኛም ሰው ይህን ሙያ ያውቃል። ከትግራይ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. (በ2016) በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ 21 ቀን የተጋለበበትንም ውድድር እስከ ፍጻሜው አደረሰ። በዚያው ቡድን የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜይንትየስ በጠቅላላው 8ኛ ወጣ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ አንዱ ለማዕርግ ሲጋልብ ሌሎቹ ነፋሱን ይቀበሉለታል፤ ውሃውን ያመላልሱለታል። የውጤት ሠንጠረዥ ይህን ድካም የሚጽፍበት ዐምድ የለውም።

ከዚህ በኋላ እንደ ገና ወደ ጌዴኦ እንመለስ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የተመዘገበውም ስለ ቱቱ ፈላና ስለ ጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ምድሩን ስለሚያርስበት ጥበብም ነው። በይርጋ ጨፌና በወናጎ ገደላ ገደል ላይ ረጅሙ ያገር ዛፍ ከላይ ይቆማል፤ ከሥሩ እንሰቱ፥ ከእንሰቱ ጋር ቡናው ይበቅላል። ረጅሙ ዛፍ የፀሐዩን ግለትና የዝናቡን ዱላ በራሱ ይቀበላል፤ ቅጠሉን አርግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩም ቁልቁለቱ እንዳይናድ ይይዛል። በገበያ የሚሸጠውና በውጭ አገር ስሙ የሚጠራው ግን ቡናው ነው። ገበሬው ቡናውን ብቻ አይቶ ዛፉን ቢቆርጥ ኖሮ እንዲህ ባለ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ አፈሩ ከቡናው ጋር ወደ ወንዝ በወረደ ነበር። የጌዴኦ ገበሬ ይህን ያወቀው ከብስክሌት ውድድር ሕግ አይደለም፤ ከአባቶቹ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ወደ መሥሪያ ቤትዎ እንግባ። አንድ ጉዳይ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ፥ በጸሐፊው፥ በሒሳብ ሹሙና በዋናው ኃላፊ እጅ አልፎ ወደ ባለጉዳዩ ይደርሳል። ባለጉዳዩ ሰዓቱን የሚቆጥረው የመጀመሪያው ሠራተኛ ድርሻውን በጨረሰበት ደቂቃ አይደለም፤ የመጨረሻው ፊርማ በወረደበት ደቂቃ ነው። «እኔ የድርሻዬን ፈጽሜአለሁ፤ ወረቀቱ የቀረው በእገሌ ጠረጴዛ ላይ ነው» ማለት፥ ባልንጀራውን ዳገት ላይ ጥሎ ከመድረሻው ቆሞ እንደሚጠብቀው ጋላቢ መሆን ነው። ከጌዴኦ ድረስ መጥቶ ከበር የቆመው ገበሬ የሚያውቀው አንድ መሥሪያ ቤት እንጂ አሥር ጠረጴዛ አይደለም።

ምናልባት፥ «እንዲህ ከሆነ ብርቱው ስለ ሰነፉ መጎዳቱ አይደለምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ደካማንና ሰነፍን ለይተን እንፈልገው። ደካማ የሚባለው አቅሙ ባነሰ ጊዜም የሚጋልበው ነው፤ ሰነፍ የሚባለው ደግሞ የሚገፋው ሰው ስላለ ፔዳሉን መርገጥ የሚተወው ነው። የባልንጀርነት ሕግ ለመጀመሪያው እንጂ ለሁለተኛው አልተሠራም። ማኝም ጎማው ተሰበረ እንጂ መጋለቡን አልተወም፤ ቪየቶ የሰጠውን ጎማ እስከ ፓሪስ ድረስ በድካሙ ከፍሎበታል።

ደግሞም ፍርዱ ሁሉ በብርቱው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፥ አለቃ የሆነ ሰው የሚገባው ሥራ አለ። ይኸውም ጎማውን የሰጠውን ሰው ስም መጥራት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሥራው ፍሬ ሲነገርና የምስጋናው ደብዳቤ ሲጻፍ፥ በመንገድ ዳር በግንብ ላይ ተቀምጦ የቀረ ሰው እንዳለ መጠየቅ ይገባል። ቪየቶ ፎቶግራፍ አንሺ በአጠገቡ ስለ ተገኘ ብቻ ታወሰ። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ፎቶግራፍ አንሺ የለም፤ ያለው የአለቃው ኅሊና ነው።

አንድ ቀን ዲላ ደርሰው ወደ ቡሌ የሚወጣውን መንገድ ቢመለከቱ፥ ሁለት ወጣቶች በብስክሌት ሲወጡ ያጋጥሙዎት ይሆናል። በዚያን ጊዜ ቀድሞ የሚታየውን ብቻ አይመልከቱ። ዞር ብሎ ባልንጀራውን የሚጠብቀው የትኛው እንደ ሆነ ያስተውሉ።