የጥሩምባ አፍ ከምን ቢሠራ ይሻላል? ቁሱ ለድምጹና ለነፊው ከንፈር ያለው ድርሻ

ገና ጎሕ ሳይቀድ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ የሰማ ሰው የያዘውን ሥራ ያቆማል። ከጎረቤት ሰው መሞቱን፣ ድንኳን መተከሉንና ቀብር መኖሩን ያውቃል። በወረታ ከተማም ሆነ በፎገራ ሜዳ የገጠር ቀበሌዎች ይህ ጥሪ የማኅበራዊ ኑሮ ምሰሶ ነው። ጥሪውን የሚያሰማው ሰው ግን በማለዳ ብርድ ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ነገር ምን እንደሆነ ብዙም አይታሰብም። የጥሩምባው አፍ ከቀንድ፣ ከቆርቆሮ፣ ከናስ ወይም ከፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። የቁሱ ልዩነት ድምጹን ይለውጣል ወይስ ነፊውን ብቻ ይነካል? ይህ ጥያቄ የባንድ ሙዚቀኞችም የቆየ ክርክር ነው።

ድምጹ ከየት ይመጣል?

በፎገራ ሜዳ እረኞች ዘንድ የሚታወቀው ዋሽንት ድምጹን የሚፈጥረው ትንፋሹ የቱቦውን ጠርዝ መትቶ ሲከፈል ነው። ከንፈር አይርገበገብም። የጥሩምባ፣ የመለከትና የትሮምቦን አሠራር የተለየ ነው። ነፊው ከንፈሮቹን ገጥሞ ትንፋሹን በመሐላቸው ሲገፋ ከንፈሮቹ ይርገበገባሉ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የሚሰማው ድምጽ በዋናነት የዚህ አየር መንቀጥቀጥ እንጂ የቱቦው ግድግዳ መንቀጥቀጥ አይደለም። ስለዚህ ነው የቱቦው ርዝመትና ቅርጽ ከተሠራበት ቁስ የበለጠ ወሳኝ የሚሆነው።

ከመለከት እስከ ባንድ

የኢትዮጵያ መለከት ረጅምና ቀጥ ያለ ሲሆን ከሸምበቆ ተሠርቶ በቆዳ የሚለበጥ ወይም ከብረት የሚሠራ ነበር። ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ይነፋ ነበር። ፒስተን ያላቸው የናስ መሣሪያዎች ግን ከውጭ የመጡ ናቸው። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» በሚል ስም የታወቁት እነዚህ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የናስ ባንድ ሆኑ። ናልባንዲያን በ1930 በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማም ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የተቋቋሙ ባንዶች የናስ መሣሪያን በሀገሪቱ አስፋፉ።

ቅርጹ ለድምጹ

በባንድ መሣሪያ ላይ ከንፈር የሚያርፍበት ክፍል፣ ሙዚቀኞች «ማውዝፒስ» የሚሉት፣ ተነቃይ ነው። ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ከንፈር የሚነካው ጠርዝ፣ ትንፋሽ የሚጠራቀምበት ጽዋና ወደ ቱቦው የሚያስገባው ጠባብ ጉሮሮ ናቸው። የትራምፔት ጽዋ ውስጣዊ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሜትር፣ የትሮምቦን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የትራምፔት ጉሮሮ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ጽዋው ጥልቅ ሲሆን ድምጹ ወፈር ያለና ለስላሳ ይሆናል፤ ጥልቀት ሲያንሰው ድምጹ ይሳላል፣ ከፍ ያሉ ድምጾችንም ማውጣት ይቀላል። በዚህ ላይ የቁሱ ድርሻ አነስተኛ ነው። ሪቻርድ ስሚዝ የተባሉ እንግሊዛዊ የመሣሪያ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የብረታቸው ውፍረት የተለያየ ግን ቅርጻቸው አንድ የሆነ የትሮምቦን ደወሎችን ነፊዎች ሳያዩ እንዲሞክሩ አድርገው ነበር። ነፊዎቹ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻሉም። ጥናቱ ስለ ደወል እንጂ ስለ ማውዝፒስ ባይሆንም «ብረቱ ነው ድምጹን የሚሠራው» የሚለውን እምነት በጥያቄ ውስጥ ይከታል።

ቁሱ ለከንፈር

ነፊው በእርግጥ የሚሰማው ልዩነት በከንፈሩ ላይ ነው። ናስ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ በብርድ ጠዋት የከንፈርን ሙቀት ይወስዳል፤ ከንፈርም ይደነዝዛል። ያልተለበጠ ናስ ከላብና ከምራቅ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ለመቅረጽ እንዲመች ጥቂት እርሳስ የሚቀላቀልበት የናስ ዓይነትም አለ። በዚህ ምክንያት የናስ ማውዝፒስ አብዛኛውን ጊዜ በብር ይለበጣል። ብር በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፤ አንዳንድ ሰዎችንም ያሳክካል። ኒኬል የብዙ ሰው ቆዳ የሚቆጣበት ብረት ነው። የወርቅ ልባጥ በዋጋ ቢወደድም አይዝግም፣ ቆዳ ላይ ችግር የማስከተሉ ዕድልም አነስተኛ ነው።

ፕላስቲክ ሙቀትን እምብዛም ስለማያስተላልፍ በብርድ ይመቻል፤ ቀላልና ርካሽም ነው። ነገር ግን በቀላሉ ይጫጫራል። የከብት ቀንድ ከሰው ጥፍር ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ ለከንፈር አይቀዘቅዝም፤ ሆኖም እርጥበት ይመጥጣል፣ በፀሐይ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ከቆርቆሮ ተጠቅልሎ የሚሠራ ጥሩምባ ዋና ችግሩ ስለታም ጠርዙና መገጣጠሚያው ነው። በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ብየዳ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ከንፈር የሚነካው ቦታ ላይ ባይሆን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ምቾትን የሚወስነው የጠርዙ አሠራር ነው። ሹልና ቀጭን ጠርዝ በከንፈር ላይ የደም ዝውውርን ይገታል፣ ያቆስላልም። ሰፋና ክብ ያለ ጠርዝ ጫናውን ያከፋፍላል።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ልባጡ የተላጠ ማውዝፒስ እንደገና ሊለበጥ ወይም ሊቀየር ይገባል። ከተነፋ በኋላ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ ተገቢ ነው፤ ፕላስቲክና ቀንድ ግን በፈላ ውኃ ቅርጻቸውን ስለሚያጡ መቀቀል የለባቸውም። አንዱን ጥሩምባ ተራ በተራ የሚነፉ ሰዎች አፉን ሳያጥቡ ቢቀባበሉ ጉንፋንና በከንፈር ላይ የሚወጣ ምች ሊተላለፍባቸው ይችላል። በብርድ ጊዜ ብረቱን ከመንፋት በፊት በእጅ መዳፍ ጨብጦ ማሞቅም ይጠቅማል።

ጥሩምባ የሚገዛ ዕድርም ሆነ ባንድ የሚያቋቁም ትምህርት ቤት በቁሱ ብልጭታና በዋጋው ብቻ ከመወሰን ይልቅ ጠርዙን በጣት ዳብሶ፣ መገጣጠሚያውን አይቶ፣ የሚነፋውን ሰው ራሱን አስሞክሮ ቢገዛ ይበጃል። ቅርጹ ከተስማማ ድምጹ ይወጣል፤ ቁሱ ከተስማማ ደግሞ ነፊው ከንፈሩን ሳይጎዳ ለዓመታት ያገለግላል። ጎሕ ሳይቀድ ጎረቤቱን የሚጠራው ሰው ይህን ያህል ሊታሰብለት ይገባል።