ትእዛዝን በስክሪፕት መጠቅለል፦ ከአምስተርዳም እስከ ጠመንጃ ያዥ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሙያዬ ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ብዙ ሰው ታሪክ አለው ብሎ የማይጠረጥረውን ነገር መረጥኩ። ነገሩ የቨርዥን ኮንትሮል ትእዛዞችን በስክሪፕት መጠቅለል ነው። ከኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ላልወጣችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ቨርዥን ኮንትሮል ማለት በአንድ ሥራ ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብና ሲያስፈልግ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በትእዛዝ ይሠራል፤ ትእዛዞቹ ደግሞ ብዙና ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ ሰው አምስት ስድስቱን ሰብስቦ በአንድ ስክሪፕት ይጠቀልልና አንድ ስም ይሰጠዋል። ስሙን ሲጠራው ስክሪፕቱ ትእዛዞቹን በተራ ያስኬዳል፣ መልሳቸውን ይቀበላል፣ አንዱ ካልተሳካ ቆሞ ይናገራል።

ይህን ሥራ የምናየው እንደ አቋራጭ ነው። "ያው ስክሪፕት ናት" እንላለን፣ ልክ እንደ ተራ ነገር። በሲቪ ላይ አይጻፍ፣ በፈተና አይጠየቅ። እኔ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው፣ ዛሬ ዓለም የሚሠራበት ቨርዥን ኮንትሮል ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ጥቅል ነው። ጥቅሉ የተጻፈውም ሰዓታቸው የማይገጥም ሰዎች አብረው መሥራት ስላለባቸው ነው።

የአንድ መምህርና የሁለት ተማሪዎች ችግር

እ.ኤ.አ. በ1972 ማርክ ሮችካይንድ የተባለ የቤል ላብስ ባለሙያ ኤስሲሲኤስ የተባለውን ሥርዓት ሠራ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ቲቺ አርሲኤስን ይዞ መጣ። ሁለቱም የእያንዳንዱን ፋይል ታሪክ ለየብቻው ይይዛሉ፤ አሠራራቸውም በቁልፍ ነው። አንድ ሰው ፋይሉን ለማረም ሲያወጣ ፋይሉ ይቆለፋል፣ እስኪመልሰው ድረስ ሌላው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

በአምስተርዳም ፍሬይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዲክ ግሩን ይህ አሠራር አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1984 እስከ ኦገስት 1985 ከሁለት ተማሪዎቹ፣ ከኤሪክ ባልበርገንና ከማርተን ዋጌ ጋር የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ይሠሩ ነበር። አንደኛው ተማሪ በሥራ ሰዓት ገብቶ በሥራ ሰዓት የሚወጣ ነው። ሁለተኛው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መምህሩ ራሱ ለዚህ ሥራ ጊዜ የሚያገኘው ማታ ማታ ብቻ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ፋይል ቆልፎ ወደ ቤቱ ከሄደ የሁለቱ ቀን ባከነ ማለት ነው።

ግሩን አዲስ ሥርዓት ከመሠረቱ አልጀመረም። የአርሲኤስን ትእዛዞች የሚጠሩ የሼል ስክሪፕቶች ጻፈ። በስክሪፕቶቹ አማካይነት ሁሉም የየራሱን ቅጂ ወስዶ እንደ ልቡ ይሠራል፤ ሲመለስ ለውጡ ከሌሎቹ ጋር ይዋሃዳል፤ ሁለት ሰው አንዱን መስመር የነካ እንደሆነ ብቻ "ተነጋገሩ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ስክሪፕቶቹን ለሕዝብ አወጣቸው። በ1989 ብራያን በርሊነር በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፋቸው፤ ሲቪኤስ በሚል ስም የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዓለም ለዓመታት የሠራበት መሣሪያ ይኸው ነው። ከሥር ያለው አርሲኤስ ፋይል ማስቀመጥ ያውቅ ነበር። አብሮ መሥራትን ያስተማረው ላይ የተጠቀለለው ስክሪፕት ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሊነክስ ገንቢዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር ነፃ ፈቃዱን ሲያነሣባቸው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በኤፕሪል ወር ጊትን ጀመረ። የመጀመሪያው ጊት ሰው እንዲነካው የተሠራ አልነበረም። ገንቢዎቹ ራሳቸው ሥራውን በሁለት ይከፍሉታል፦ ከግድግዳ ውስጥ ያለው "ቧንቧ" እና ሰው እጁን የሚታጠብበት "ሸክላ"። ቧንቧው በሲ ተጻፈ። ሸክላው ግን በብዛት የሼልና የፐርል ስክሪፕት ነበር። ፔትር ባውዲስ የተባለ ቼካዊ ኮጊቶ የተባለውን ጥቅል በሼል ጻፈ፤ ብዙ ሰው ጊትን የለመደው በእሱ በኩል ነው። በጊት ውስጥም ቢሆን ዛሬ በየቀኑ የምንጠራው ኮሚት እስከ 2008 መጀመሪያ የሼል ስክሪፕት ነበር፤ ሪቤዝ ደግሞ እስከ 2018 መጨረሻ። በዚያው በ2008 ጊትሃብ ሲከፈት፣ ከድረ ገጹ ጀርባ ግሪት የሚባል በሩቢ የተጻፈ ጥቅል ነበር፤ ሥራው የጊትን ትእዛዞች እየጠራ መልሳቸውን ለድረ ገጹ ማቀበል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። "ያው ስክሪፕት ናት" የምንላት ናት እንግዲህ።

ሐምሌ 2012፣ ጠመንጃ ያዥ

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ልደታ ልመለስ። ከአንድ ባች የወጣን አራት ልጆች ጠመንጃ ያዥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ እንሠራ ነበር። በኮቪድ ምክንያት ክፍሏ ውስጥ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሦስቱ ከጀሞ፣ ከሰሚትና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከየቤታቸው ይሠሩ ነበር። ሰኔ 2012 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ብዙ ሰውም ሕይወቱን አጣ። ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደ። በዚያ ጊዜ ሥራ ተስተጓጎለ ብሎ ማማረር ነውር ነው። ይሁንና የአራት ሰው እንጀራ በዚያ ሥራ ላይ ነበር።

የጊት አንዱ በጎ ነገሩ እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር መያዙ ነው። ያለ ኢንተርኔት ኮሚት ማድረግ ይቻላል። የማይቻለው መገናኘት ነው። ለዚህም ጊት ባንድል የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ኮሚቶችን ከነታሪካቸው በአንድ ፋይል ያስራል፤ ፋይሉ በፍላሽ ይሄዳል። ችግሩ ትእዛዙ ብቻውን አይበቃም። ባለፈው የት ድረስ እንደላክህ ማስታወስ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ ማሰር፣ ተቀባዩ ቀዳሚዎቹ ኮሚቶች እንዳሉት ማረጋገጥ፣ ማስገባት፣ ማዋሃድ፣ አዲሱን ምልክት ማኖር አለ። አራት ሰው ይህን በእጁ ለሦስት ሳምንት ይሥራ ቢባል አንዱ አንድ ቀን አንዱን መርሳቱ አይቀርም።

ከመካከላችን አንዷ በፓይተን ጠቀለለችው፤ ዘጠና መስመር ያህል ነበር። ስክሪፕቱ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፦ "ላክ" እና "ተቀበል"። ላክ ሲባል መጀመሪያ ኮሚት ያልተደረገ ሥራ እንዳለ ያያል፤ ካለ አልልክም ይላል። ከዚያ ካለፈው ምልክት ወዲህ ያለውን አስሮ በላኪው ስምና በቀኑ ይሰይመዋል። ተቀበል ሲባል ባንድሉን ይመረምራል፤ የጎደለ ቀዳሚ ኮሚት ካለ "መጀመሪያ የማክሰኞውን አስገባ" ብሎ ይመልሳል። ሲገባም እያንዳንዱ ነገር በሃሹ፣ ማለትም በአሻራው ስለሚመሳከር፣ ፍላሹ ላይ የተበላሸ ፋይል ሾልኮ አይገባም። ፍላሽ ማለት ቫይረስ ማለት በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታክሲ ግማሽ ጭኖ እጥፍ በሚያስከፍልበት በዚያ ወቅት፣ ፍላሹ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ማደሪያው ጠመንጃ ያዥ ነበር፦ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይቀበላል፣ ቀጥሎ ይልካል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ይህ ሕግ የተጻፈው በወረቀት ላይ አይደለም፤ ዘጠናው መስመር ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የሦስት ሳምንቱ ሥራ ማን የትኛውን ቀን ምን እንደሠራ ሳይዛነፍ ባንዴ ተጫነ። ግሩንና ሁለቱ ተማሪዎቹ ሰዓት ነበር ያልገጠመላቸው፤ እኛን ደግሞ መስመር። መፍትሔው ግን አንድ ዓይነት ነው።

የግዕዝ ፊደል ፈተና

እንዲህ ያለ ጥቅል ለሚጽፍ ኢትዮጵያዊ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ትምህርት ቤቱ የሰጠን ፋይሎች "የ7ኛ ክፍል ሮስተር" እንደሚለው ያሉ ስሞች ነበሯቸው። ጊት በተለመደው አቀማመጡ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ የሆነ የፋይል ስም ሲያገኝ እንዳለ አያሳይም፤ እያንዳንዱን ባይት በቁጥር ይተካዋል። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 አንዱ ሦስት ባይት ነው፤ ስለዚህ "የ" የምትለዋ ፊደል ብቻዋን 341፣ 213፣ 250 ሆና ትወጣለች። ሰው ሲያያት ይደናገራል፤ ስክሪፕት ሲያነባት ደግሞ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም ይላል። በዚያ ላይ ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ፤ ትእዛዙ እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሼል ከተሰጠ አንዱ ፋይል ሦስት ፋይል ይመስላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ትእዛዙን ቃል በቃል ለይቶ በዝርዝር መስጠት፤ ለሰው ዓይን የተዘጋጀውን መልስ ትቶ ለስክሪፕት የተዘጋጀውን መጠየቅ፤ ስሞቹን በዜሮ ባይት እንዲለይ ማዘዝ፤ ያን ጊዜ ግዕዙ እንዳለ ይመጣል። መሳካት አለመሳካቱንም ከጽሑፉ ሳይሆን ትእዛዙ ሲያበቃ ከሚመልሰው ቁጥር ማንበብ ነው፤ ዜሮ ከሆነ ደኅና፣ ሌላ ከሆነ ቁም። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ አልተማርንም። ግን በአማርኛ ስም ፋይል የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያስፈልገው እውቀት ነው።

የያዡ ዕዳ

የሰፈሩ ስም ስለ ጥቅል አንድ ነገር ያስታውሰኛል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ብዙ ሰፈር በጦር አለቆችና በቤተ መንግሥት የሥራ ክፍሎች ስም ተጠርቷል። ጠመንጃ ያዥ የጌታውን ጠመንጃ ወልውሎና አጉርሶ የሚይዝ ነው፤ ጌታው እጁን ሲዘረጋ ዝግጁ ሆኖ ያቀብለዋል። ጥቅል ስክሪፕትም ያዥ ነው። ነገር ግን ያዡ የሌለ ቀን ጠመንጃው እንዴት እንደሚጎርስ የማያውቅ ጌታ ወዮለት! ስክሪፕቱን የጻፈችው ልጅ በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ስትሄድ ዘጠናውን መስመር ከነማብራሪያው ከሥራው ጋር በዚያው ሪፖዚተሪ ውስጥ ትታልን ሄደች። ምክንያቱ ለማይገባ መስመር ሁሉ ለምን እንደተጻፈ በአማርኛ ከጎኑ አስፍራለች። ከሷ በኋላ የመጡ ሁለት ልጆች ማንንም ሳይጠይቁ አስተካክለውታል።

መምህሮቻችንን የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው። የመመረቂያ ሥራ በኛ ጊዜ የምናስረክበው በተጠረዘ ወረቀትና በአንድ ሲዲ ነበር። የመጨረሻው ውጤት ብቻ ይቀራል፤ አራት ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደተስማሙ፣ ምን ሞክረው እንደተዉ፣ ሥራውን እንዴት እንደተከፋፈሉ አይቀርም። ሲዲውም ይጫራል። ባንድል ግን ሙሉ ታሪክን በአንድ ፋይል ያስራል፤ ቤተ መጻሕፍት እንደ ማንኛውም ፋይል ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ኢንተርኔት አያሻውም። ተማሪዎች ሥራቸውን ከነታሪኩ፣ የጻፏቸውን ጥቅል ስክሪፕቶች ከነማብራሪያቸው እንዲያስረክቡ ይደረግ፤ ስክሪፕቶቹም ነጥብ ይሰጣቸው።

ለእኛ ምሩቃንም ድርሻ አለ። በየመሳቢያችን ያለ አሮጌ ፍላሽና ላፕቶፕ ውስጥ የዚህ ትምህርት ክፍል ታሪክ ተበታትኖ ተቀምጧል። የክፍል ጓደኞቻችሁን ፈቃድ ጠይቁና ያላችሁን አስራችሁ ለትምህርት ክፍሉ አስረክቡ። ግሩን ስክሪፕቶቹን ባያካፍል ኖሮ የሦስት ሰው መገልገያ ሆነው በቀሩ ነበር።