ሐርሚል ላይ የቀረው አዛዥ

ስለ 1933 ዓ.ም. ሲወራ ኦሜድላ፣ ጎጃም፣ መጋቢት 28 ነፃ የወጣችው አዲስ አበባ ይቀድማሉ፤ ባሕሩ ይረሳል። ጣሊያን ግን ምፅዋ ላይ ሰባት ዲስትሮየሮችና ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። የስዌዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበር ነዳጅም መለዋወጫም እንደ ልብ አይገባም።

ከዲስትሮየሮቹ አንዷ ፍራንቼስኮ ኑሎ ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ለፖላንድ ነፃነት ሲዋጋ ከሞተ ጣሊያናዊ ነው፤ ለሰው አገር ነፃነት በወደቀ ሰው ስም የሰው አገር መያዝ! አዛዧ የሚላኖው ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ ነበር።

ለጥቅምት 11 አጥቢያ አራት የጣሊያን ዲስትሮየሮች 32 የንግድ መርከቦችን አጅበው የሚጓዙ እንግሊዞችን ገጠሙ። በግጥሚያው መሐል የኑሎ መሪ ተበላሸ፤ እሷ ስትዞር ጓዶቿ ራቁ። ሲነጋ ኪምበርሊ የተባለችው የእንግሊዝ ዲስትሮየር ዳህላክ ውስጥ ሐርሚል ደሴት አጠገብ ደረሰችባት። ከደሴቲቱ የተተኮሰ መድፍ ኪምበርሊን ከእንቅስቃሴ ውጭ ስላደረጋት በሌላ መርከብ ተጎትታ ሄደች። ኑሎን ግን ቀድማ በቶርፔዶ ጨርሳት ነበር። ያሰጠሟት አውሮፕላኖች ናቸው የሚሉ አሉ፤ አውሮፕላኖቹ የደበደቡት ስብርባሪዋን ነው።

ይበልጥ የሚያከራክረው የአዛዡ መጨረሻ ነው። ባሕርተኞቹ ሲወርዱ ቦርሲኒ መርከቧ ላይ ቀረ። የሚያገለግለው ወጣት ባሕርተኛ ቪንቼንሶ ቻራቮሎ ከወረደ በኋላ አለቃውን ሲያይ ዋኝቶ ተመለሰና አብሮት ሞተ። ሁለቱም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። የፋሺስት ጋዜጣ ጀግና ይራብ ስለነበር ነገሩን የሚጠራጠር አይጠፋም። ግን ለመኮንኑ ክብር የተፈበረከ ቢሆን ኖሮ አሽከሩ ምን ያደርግ ነበር? መኮንኑ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት ጭር ያለ ነው። መጋቢት ላይ የቀሩት ስድስት ዲስትሮየሮች አለቁ፦ አንዷ መሬት ነካች፣ ሁለቱን መጋቢት 25 አውሮፕላን አሰጠማቸው፣ ሦስቱን ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ዐረቢያ ዳርቻ ላይ አጠፏቸው። ምፅዋ መጋቢት 30 ወደቀች።

የጣሊያን ባሕር ኃይል በቦርሲኒ ስም የቅኝት መርከብ ሰይሟል። ለእኛ የተረፈን ሌላ ነው። የ1939ኙ የፓሪስ ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትክስ ወሰነ፤ ቆቃ ግድብ የተሠራው በጦር ካሣው ነው። መልካሳ ከግድቡ በታች አዋሽ ዳር ናት፤ ገበሬዎቿ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡት ቆቃ ካጠራቀመው ውሃ ነው።